ያቺ «እሺ»

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የቤት ኪራዩን ክፍል ሁለት ላወራችሁ ነበር። ይቆየን። አከራዬም ደህና ናቸው፣ እሳቸውም ይቆዩን።

ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። አንዲት ቃል ናት። «እሺ»።

ቅዳሜ ቀይ እስክሪብቶ ቤት ሄጄ ነበር፣ ባንክ ብድር ክፍል ሳለሁ አለቃዬ የነበሩት ሴትዮ። ታውቋቸዋላችሁ መቼም፣ ስንት ጊዜ አንስቻቸዋለሁ። ጡረታ ከወጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ጾም ስለሆነ ቆሎ ነበር፣ ሱፍ የተቀላቀለበት። እኔ የሄድኩት ለአሜሪካው የኤምቢኤ (የቢዝነስ ማስተርስ) ማመልከቻዬ ሪኮመንዴሽን፣ የምስክርነት ደብዳቤ ማለት ነው፣ እንዲጽፉልኝ ለመጠየቅ ነው። ገና አፌን ስከፍት «ደስ ይለኛል ልጄ» አሉ። አላስጨረሱኝም። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ «ሁለት ሰው አይደል የሚፈልጉት? ሌላው ማነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስምንተኛ ፎቅ፣ የአሁኑ አለቃዬ።

ሲኒው እጃቸው ላይ ነበር። አልጠጡትም፣ አላስቀመጡትም። እንደያዙት «እሱ ምን ያህል ያውቅሻል?» አሉ። ቁጣ የለበትም። ጥያቄ ነው። የብድር ሰነድ ይዘሽ ስትገቢ በሚጠይቁበት ድምፅ ነው የጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ስማቸው ትልቅ ነው» አልኩ።

«እሺ» አሉ።

ይኼው ነው። ሌላ ምንም የለም። ሁለተኛውን ቀዱ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ አወራን፣ መሸ፣ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ግን ያቺ «እሺ» አብራኝ ተሳፈረች።

ምን ዓይነት እሺ ናት? እኛ ጋ እሺ ብዙ ነው። «ተስማምቻለሁ» የሚል እሺ አለ። «ሰማሁሽ» ብቻ የሚል አለ። እናቴ ስትከፋ የምትላት «እሺ በቃ» አለች። መስኮት ላይ ወረቀት ይዘሽ ስትሄጂ «እሺ፣ ነገ» የሚሉሽም አለ። የቅዳሜዋን ከየትኛው ልመድባት? ድምፃቸውን ደጋግሜ ለማስታወስ ሞከርኩ። አጭር ነበረች። ወደ ታች ወረደች። ወይስ አልወረደችም፣ እኔ ነኝ ያወረድኳት?

ቆይ። የሚያስጨንቀኝ እሷ ብቻ አይደለችም። እሳቸው የማያውቁት ነገር አለ። እሱን ልንገራችሁ።

ስምንተኛ ፎቅን ከሳቸው በፊት ነበር የጠየቅኩት። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን ስሙኝ። ለኔ ደግ ናቸው። እሳቸው ቢሮ ከተዛወርኩ ስምንት ወር ሆነኝ፤ በወረቀት የቅርብ አለቃዬ እሳቸው ናቸው። ስታንፎርድ ደግሞ ሁለት ደብዳቤ ነው የሚፈልገው፣ አንዱ አሁን ካለሽ የቅርብ አለቃ ይሁን ይላል፣ ካልተቻለ ለሱ ከሚቀርበው ሰው። ስለዚህ በሕጉ ከሄድን ልክ ነኝ። ሃርቫርድም ሁለት ነው። የትኛው አለቃ የሚለውን ለሊት ለሊት ሳሰላስል ከረምኩ፣ በመጨረሻ ማዕረጉ አሸነፈኝ። ምክትል ፕሬዚዳንት የሚል ነገር ከስሜ ጎን ይኑር አልኩ። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ማዕረግ ሳይሆን በደንብ የሚያውቅሽን ሰው ምረጪ እያሉ እየመከሩኝ! አንብቤዋለሁ። ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ግን አላመንኳቸውም። እዚህ አገር ስንት ነገር በማን እንደተፈረመ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ እንዴት ብዬ ልመናቸው?

ቢሯቸው ገባሁ። ቆመው ስልክ ያወሩ ነበር። ነገሩን ሳስረዳቸው ፊታቸው በራ። «በጣም ጥሩ! ምን ችግር አለው። ጽፈሽ አምጪልኝና እልከዋለሁ» አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ስብሰባቸው ሄዱ።

ጽፈሽ አምጪ።

አሁን ይኼ እኛ ጋ ነውር አይደለም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደብዳቤ የፈለገ ሰው ረቂቁን ይዞ ይሄዳል፣ አለቃው ይፈርማል፣ ጸሐፊዋ ቁጥርና ቀን ትሰጠዋለች፣ ክቡ ማህተም ያርፍበታል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል። «በመልካም ሥነ ምግባር ሲያገለግሉ ቆይተዋል» ይላል። «በጠየቁት መሠረት ይህ ማስረጃ ተሰጥቷቸዋል» ብሎ ይዘጋል። የኔም የአንቺም ያው ነው፣ ስሙን ብቻ ቀይሪው። አባቴ ይኼን ሁሉ ሳወራለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ማህተሙ ታዲያ የት ላይ ነው የሚያርፈው?» አለኝ። ማህተም የለውም አባ፣ በኢሜይል ሊንክ ይደርሳቸዋል፣ እዚያው ሞልተው ይልካሉ አልኩት። ዝም አለ። ማህተም የሌለው ደብዳቤ እንዴት እንደሚታመን አልገባውም። ስለሱ ሳስብ ደስ የሚል ነገር አለው። አላውቅም፣ አባቴ ናፈቀኝ መሰለኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እነሱ ጋ ራስሽ መጻፍ ክልክል ነው። ስታንፎርድ በግልጽ ነው የሚከለክለው፤ ጸሐፊሽ ራሱ አርቅቂልኝ ቢልሽም አይቻልም። ማመልከቻው ላይ ደግሞ «ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ» ብለሽ ምልክት የምታደርጊበት ሳጥን አለ። አሜሪካኖቹ በ1974 ያወጡት ሕግ ተማሪው ፋይሉን የማየት መብት ስለሰጠው ነው እሱን የሚጠይቁት። እኔ ሳጥኗን ምልክት አድርጌባታለሁ። አላየውም ብያለሁ። የማላየውን ደብዳቤ ራሴ ልጽፍ ማለት ነው።

እና ጻፍኩት? ጀመርኩት። አዎ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ጥያቄ ነው የሚጠቀሙት፣ ጂማትን፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን፣ የሚያዘጋጀው ድርጅት ያወጣው ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው። እንዴት ነው የምትተዋወቁት ይላል። ሁለተኛው በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካሉ ጎበዞች ጋር ስትነጻጸር እንዴት ናት፣ በምሳሌ አስረዳ ይላል። እሱንም እንደምንም ሄድኩበት። ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። ለአመልካቿ ከሰጠሃት ገንቢ አስተያየት ዋናው የቱ ነው? መቼ፣ በምን ሁኔታ ሰጠሃት? እሷስ ምን አለች?

እጄ ቆመ።

ምክንያቱም ስምንተኛ ፎቅ አንድም ቀን ጉድለቴን ነግረውኝ አያውቁም። በስምንት ወር ውስጥ «ጎበዝ» እና «ቶሎ ይድረስልኝ» ነው ያሉኝ። በሳቸው አልፈርድም። ለሰው ጉድለቱን መንገር እኛ ጋ ቀላል አይደለም፤ የሚወድሽ ሰው ይሸፍንልሻል እንጂ በአምስት መቶ ቃል ዘርዝሮ ለባዕድ አይልክብሽም። ግን ጥያቄው መመለስ አለበት። እስከ ስድስት ሰዓት ባዶውን ስክሪን አየሁት።

ከዚያ የዱቄት ፋብሪካውን ጻፍኩ።

ይኼን ታሪክ ሙሉውን ነግሬያችሁ አላውቅም መሰለኝ። ብድር ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደብረ ብርሃን ያለ የዱቄት ፋብሪካ ነበር፣ ማስፋፊያ ብድር ጠይቆ። የትንተናውን ጽሑፍ ሠራሁ። ኦዲት የተደረገ ሒሳቡ አለ፣ የማስያዣው ግምት አለ፣ የገንዘብ ፍሰቱ አለ። ቆንጆ ወረቀት ነበር። ይጽደቅ ብዬ አስገባሁት። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሶ አገኘሁት። ገጹ ሁሉ ንጹሕ ነው። የመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ ብቻ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያች ደቃቅ እጅ ጽሑፋቸው፣ ሁለት ቃል አለ። «ሰውየውን አይተሽዋል?»

አላየሁትም ነበር። በስልክ ነው ያወራነው።

በነጋታው በሌሊት ተነስቼ በሚኒባስ ሄድኩ። ብርዱ! ሰውየው በሩ ላይ ጠበቀኝ፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ነው። ፋብሪካውን አዞረኝ። አንዱ ማሽን ላይ ሸራ ተጥሎበታል። መለዋወጫ አጥቶ ከቆመ ወራት አልፎታል፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቃል። እኔ ወረቀቴ ላይ ሁለት ማሽን ብዬ ነው ያሰላሁት። ተመልሼ ከዜሮ ጻፍኩት። ሰውየው የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ብድር ነበር። ቀይ እስክሪብቶ አንብበው ፈረሙና ምንም አላሉኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ሳላይ የጻፍኩት ሰነድ የለም።

ይኼን ነው የጻፍኩት። «ባለቤቱን አይተሽዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት» ብዬ ጻፍኩት። በስምንተኛ ፎቅ አፍ። የሴትዮዋን ቃል፣ ያንን ቀይ ቀለም ወስጄ፣ ያን ቀን ስሜን እንኳ ለማያውቁ ሰው ሰጠኋቸው።

ጻፍኩና ተኛሁ። ደህና አድርጌ ተኛሁ ደግሞ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ነው እሳቸው ቤት ቡና እየጠጣሁ «ስማቸው ትልቅ ነው» ያልኩት።

...

ባንክ ስቀጠር ተያዥ አምጪ ተባልኩ። ሁላችሁም የምታውቁት ነው። አባቴ ደሞዙ ስላልሞላ የእናቴ አጎት ዘንድ ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፣ ያኔም ዓይናቸው ደክሟል። ኮታቸውን ለብሰው ከካራ ድረስ መጡልኝ። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ወረቀቱን አቅርባ «እዚህ ጋ ይፈርሙ አባባ» አለቻቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከኋላችን ሰልፍ አለ። እኔ አፍሬ መሬት ልገባ። ልጅቷ «የተለመደ ፎርም ነው» ስትላቸው ቀና ብለው «ለኔ የመጀመሪያዬ ነው» አሏት። ጨረሱ፣ ወደኔ ዞረው ትንሽ አዩኝ፣ ከዚያ ፈረሙ።

ለምን እሳቸው ትዝ እንዳሉኝ... ተዉት።

ምን ላድርግ ብዬ አስቤያለሁ። አንደኛው፣ ረቂቁን አጥፍቼ ስምንተኛ ፎቅ ዘንድ ልግባና «እርስዎ ራስዎ ይጻፉልኝ፣ አጭርም ቢሆን» ልበላቸው። ጊዜ የላቸውም። ምናልባት ሦስት መስመር ይጽፉልኛል፣ ታታሪ ናት ብለው። የማመልከቻው ሁለተኛ ዙር ደግሞ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው የሚዘጋው፣ ከገና ጋር ይገጥማል። ሌላ ሰው ልተካ? ድሮ ቅርንጫፍ እያለሁ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ አሉ፤ ያውቁኛል፣ ግን አምስት ዓመት አለፈ። ደግሞ አለቃዬን ጠይቄ ከተውኳቸው ምን ይሉኛል? እሄዳለሁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ እኮ። ባልገባስ? እዚያው ቢሮ ነው ነገ የምገባው።

ሌላው መንገድ ያው መላክ ነው። ሁሉም ያደርገዋል አይደል? ጓደኛዬ እንደዚያ አድርጋ ገብታለች፣ ተመርቃም ሥራ ይዛለች። እሷን መጥፎ ሰው ልላት አልችልም። አይደለችም።

ታሪኩ እኮ እውነት ነው ብዬም ለራሴ ነግሬዋለሁ። ተደርጓል፣ ተምሬበታለሁ። የተቀየረው ስም ብቻ ነው። ይኼን ስል ግን የራሴ ድምፅ... እንደ ልብ አይወጣም።

ሲኒው እጃቸው ላይ እንዳለ የነበራቸው ፊት ነው የሚመጣብኝ። አውቀው ይሆን? ሠላሳ ዓመት ባንክ የሠሩ ሴት ናቸው። ረቂቅ ይዘሽ ነይ የሚባልበትን ቤት ከኔ በላይ ያውቁታል። «እሱ ምን ያህል ያውቅሻል» ያሉኝ ልናገር እንድችል በር እየከፈቱልኝ ነበር? እንደዚያ ከሆነ እሺ ማለታቸው በሩን መዝጋት ነው። ወይ ደግሞ ምንም አላሰቡም። ቡና እየጠጡ ነበር፣ በቃ።

ዛሬ ጠዋት ማመልከቻው ላይ ገባሁ። ማን ልኳል ማን አልላከም የሚለውን ያሳያል። የሳቸው ገብቷል። እሑድ ማታ ነው የላኩት። ጡረተኛ ናቸው፣ ዓይናቸውን ያማቸዋል፣ ከኔ ቤት በወጣሁ... ከሳቸው ቤት በወጣሁ በማግስቱ ተቀምጠው ጽፈዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ምን እንደጻፉ መገመት እችላለሁ። የዱቄት ፋብሪካው ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ወይ ደግሞ ሌላ ነው፤ እኔ የማላውቀው፣ አይተውብኝ ዝም ያሉት ነገር። ሳጥኗን ምልክት አድርጌባታለሁ፣ አላየውም።

ደብዳቤውን ስላገኘሁ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስምንተኛ ፎቅ ሊፍት ውስጥ አገኙኝ። «ያቺ ወረቀት የት ደረሰች?» አሉኝ፣ እየሳቁ። ፋይሉ ስልኬ ላይ ነው፣ ቦርሳዬ ውስጥ፣ እዚያው አጠገባቸው። አንድ ጊዜ ብነካው ይሄዳል።

«እሺ፣ ነገ» አልኳቸው።