ኳሱ ከመድረሱ በፊት፦ ለታዳጊዎች ቅብብልን ማሰልጠን

[ምስል፦ ጅማ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሳሩ ከሌሊቱ ዝናብ ገና አልደረቀም። ታዳጊዎች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው አንድ ኳስ ይቀባበላሉ።]

ይህን ልምምድ የማያውቅ አሰልጣኝ የለም። ሁለት ረድፍ፣ አንድ ኳስ። አቀብል፣ ከረድፉ ኋላ ተሰለፍ። እዚህ ጅማ ከቆጪ ሰፈር እስከ ቦሳ ቂጦ፣ ልጆች በሚሰበሰቡበት ሜዳ ሁሉ ታዩታላችሁ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ለዓይን ያምራል።

ከዚያ ግጥሚያ ይጀመራል። ለአማካዩ ኳስ ይመጣለታል። ያበርደዋል። ቀና ሲል ተከላካዩ ላዩ ላይ ነው። ይደነግጥና ወደፊት ይለጋዋል። ከመስመር ዳር "ተረጋጋ!" የሚል ጩኸት ይከተላል።

"ቴክኒክ የለውም" ብሎ መፍረድ ይቀላል። ግን እኮ ያው ልጅ ረድፍ ላይ ሲቆም ኳሱን እንደፈለገ ያዝዘው ነበር። እግሩ ደህና ነው። ኳሱ ወደ እሱ ሲጓዝ ግን ዙሪያውን አላየም። ረድፉም እንዲያይ አላስተማረውም። ረድፍ ላይ የሚታይ ተጋጣሚ የለማ!

[ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ፦ 16 ልጅ፣ 1 ኳስ፣ 10 ደቂቃ]

ሒሳቡንም እንየው። በየ3 ሰከንዱ አንድ ቅብብል ቢደረግ በ10 ደቂቃ 200 ይሆናል። ለ16 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 12 ወይም 13 ይደርሰዋል። የቀረውን ጊዜ ተሰልፎ ይቆማል። ልጆቹን በአራት በአራት ከፍላችሁ 4 ኳስ ብትሰጧቸው ለእያንዳንዱ 50 ይደርሰዋል። በየሰፈሩ 4 ኳስ ማግኘት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ብቻ ካላችሁ በስምንት በስምንት ክፈሏቸው፤ ያም እጥፍ ነው።

[ምስል፦ አንድ ልጅ ኳስ እየጠበቀ ነው። ከኋላው አሰልጣኙ ቀይና ቢጫ ጨርቅ ይዞ ቆሟል።]

እንግዲህ ከማየት እንጀምር። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን በቪዲዮ ተከታትሎ አጥንቷል። ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ምን ያህል ጊዜ አንገታቸውን አዙረው ዙሪያቸውን እንደሚቃኙ ቆጥሯል። አዘውትረው የሚቃኙት፣ የሚያቀብሉት ኳስ ለጓደኛቸው የመድረስ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ፍራንክ ላምፓርድ በዚህ ከፊተኞቹ አንዱ ነበር። የባርሴሎናውን ዣቪንም አስታውሱት፤ አንገቱ አያርፍም ነበር።

ታዲያ "ቀና በል! እይ!" ብሎ መጮህ አያስተምርም። ልጁ ምን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚያይ አያውቅም። ጨርቁ እዚህ ላይ ይረዳል። አሰልጣኙ ከተቀባዩ ኋላ ቆሞ፣ ኳሱ ከአቀባዩ እግር ሲነሳ አንዱን ጨርቅ ከፍ ያደርጋል። ልጁ ዞር ብሎ አይቶ፣ ኳሱን ከመንካቱ በፊት "ቀይ!" ወይም "ቢጫ!" ይላል። መጀመሪያ ላይ ኳሱ ያመልጠዋል። ያምልጠው። ጥቂት ልምምድ ካደረገ በኋላ አንገቱ ራሱ መዞር ይለምዳል።

ጊዜውን በደንብ አስረዷቸው። ኳስ ከተመታ በኋላ ብዙውን ጊዜ በመንገዱ አቅጣጫውን አይቀይርም። በዚያች ቅጽበት ዓይንን ከኳሱ ላይ ማንሳት አያስፈራም። አቀባዩ ሊመታ ሲል ግን ዓይን ወደ ኳሱ ይመለሳል።

[ምስል፦ ከላይ የተቀረጸ። ተቀባዩ መጀመሪያ ፊቱን ለአቀባዩ ሰጥቶ፣ ቀጥሎ ጎኑን አዙሮ ይታያል።]

ሁለተኛው ነገር አቋቋም ነው። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ለአቀባዩ የሰጠ ልጅ የሜዳውን ግማሽ ብቻ ያያል። ግማሽ ዞር ብሎ፣ ትከሻውን ከፍቶ ቢቆም ኳሱንም የተጋጣሚውንም ጎል ያያል። ከዚያ ከአቀባዩ ራቅ ባለው እግሩ ይቀበል። ኳሱ በፊቱ አልፎ ወደዚያ እግር ሲደርስ፣ ልጁ ወደፊት ለመሄድ ተዘጋጅቶ ይገኛል። መዞር አይጠበቅበትም። የሚያስቆጥበው አንድ ሰከንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ተከላካዩ የሚፈልገው ግን ያችኑ ነው።

ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ተከላካይ ጀርባው ላይ ከተለጠፈ ከአቀባዩ በራቀው እግር መቀበል ኳሱን አሳልፎ መስጠት ነው። ያኔ ሰውነቱን በኳሱና በተከላካዩ መሀል አስገብቶ፣ ኳሱን ከተከላካዩ በራቀው እግሩ ይዞ፣ ወደ መጣበት መመለስ ይሻላል። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚነግረው ቅድም አንገቱን አዙሮ ያየው ነገር ነው። ለዚህ ነው ማየትን ያስቀደምኩት።

[ምስል፦ የእግር ቅርብ ቀረጻ።]

ስለ አመታቱ ብዙ ተብሏል፤ ባጭሩ ልለፈው። የቆመው እግር ከኳሱ ጎን አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ጫፉ ወደ ዒላማው ያሳያል። ጉልበት ለስለስ ይላል። የሚመታው እግር ቁርጭምጭሚቱ ይጠብቃል፣ ጣቶቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። በእግር ውስጠኛ ክፍል የኳሱን መሀል መምታት፤ ወደ ኋላ ከተንጋለሉ ኳሱ ይነሳል።

ከዚህ በላይ ልቆይበት የምፈልገው ኳሱ ወደየትኛው እግር እንደሚላክ ነው። ጥሩ ፓስ መልእክት አለው። ለራቀው እግር ከላካችሁለት "ነፃ ነህ፣ ዙር" ማለታችሁ ነው። ለቅርቡ እግር ከላካችሁለት "ሰው አለብህ፣ መልሰው"። አቀባዩ ከጓደኛው ጀርባ ያለውን ያያል፣ ጓደኛው ግን አያይም። ስለዚህ በኳሱም በአፉም መንገር አለበት። "ሰው!" "ዙር!" በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ ቡድኑ በጥቂት አጫጭር ቃላት ይስማማ። ጅማ ሜዳ ላይ ሁለቱም ይሰማሉ። የሚጎዳው ዝምታ ነው።

[ምስል፦ አራት ልጆች ዙሪያውን፣ አንዱ መሀል።]

መሀል ባልገባን ማንም ልጅ ያውቀዋል። ባርሴሎናዎች ሮንዶ ይሉታል፤ የቀድሞ አሰልጣኛቸው ዮሐን ክሩይፍ የልምምዱ ዋና አካል አድርጎት ነበር። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ለማሟሟቂያና ለሳቅ እንተወዋለን። ይህ ያሳዝነኛል። ማየት፣ አቋቋም፣ የፓሱ ጉልበት፣ ተጋጣሚ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያለበት ልምምድ እኮ ነው!

ጎኑ 8 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ አራት ለአንድ ጀምሩ። ሲሻሻሉ ጎኑን 10 ሜትር አድርጋችሁ አምስት ለሁለት አጫውቷቸው። ኮን ከሌለ ድንጋይ ወይም ጫማ ይበቃል። አንድ ሕግ ጨምሩበት፦ በሁለቱ ተከላካዮች መሀል ያለፈ ኳስ ነጥብ ያስገኛል። ያኔ ልጆቹ ለቅርብ ጓደኛ ብቻ ማቀበልን ይተዋሉ፣ ክፍተት መፈለግ ይጀምራሉ። "በአንድ ንክኪ ብቻ" የሚለውን ሕግ ግን በ13 ዓመት ልጅ ላይ አትቸኩሉ። ማየት ያልለመደ ልጅ አንድ ንክኪ ሲባል ይደነግጣል፣ ዝም ብሎ ይመታል። ነፃ ንክኪ ስጡት፤ ሲያይ ንክኪው በራሱ ይቀንሳል።

[ምስል፦ ጭቃ ውስጥ የቆመ ኳስ።]

የጅማን ዝናብ መርሳት አይቻልም። በክረምት ኳሱ ጭቃ ላይ ይቆማል። ያኔ ፓሱ ጠንከር ይበል፤ ተቀባዩም ቆሞ አይጠብቅ፣ ወደ ኳሱ ይሂድ። ቁጥር 5 ኳስ በሕጉ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። የተላጠ አሮጌ ኳስ ውሃ ሲጠጣ ከዚያ በላይ ይከብዳል። በዚያ ቀን ርቀቱን አሳጥሩ። በበጋ ደግሞ ሜዳው ይደርቃል፣ ኳሱ ይነጥራል። የዚያን ጊዜ በጭንና በደረት መቀበልን አሠሯቸው።

[ምስል፦ ከጓደኞቹ በአንድ ራስ የረዘመ ልጅ፣ ኳስ ከእግሩ ሥር አምልጦት።]

ስለዚህ ልጅ ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ዓመት ጎበዝ ነበር፤ ዘንድሮ ኳስ አይታዘዝለትም። "ሰነፈ" ይባላል። ወንዶች ብዙውን ጊዜ በ13 እና 14 ዓመት ግድም በፍጥነት ያድጋሉ፣ በአንድ ዓመት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር። ሴቶች ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። እግሩ ረዝሟል፣ አካሉ ገና አልተላመደውም። ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ሊያመውም ይችላል። ሕመም ካለ ዝላዩንና ጠንካራ ምቱን ቀንሱለት፤ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። ካላመመው በአጭር ቅብብል ይቆይ። ተቀያሪ ወንበር ላይ አትርሱት።

እያንዳንዱ ልጅ ጎል አግቢ መሆን ይፈልጋል። የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም.፣ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ በኋላ በመጀመሪያው ዓመቱ፣ ዋንጫውን ሲያነሳ የዛሬዎቹ ታዳጊዎች ሕፃናት ነበሩ። ሲያድጉ የሰሙት ስለ ጎሎቹ ነው። እናንተ ጎል ሲገባ ከጎሉ በፊት ያቀበለውን ልጅ ስም አስቀድማችሁ ጥሩ።

[ምስል፦ የውሃ እረፍት። አሰልጣኙ ከአንድ ልጅ ጋር ቁጢጥ ብሎ ያወራል።]

በግጥሚያ ጊዜ ኳሱ በጉዞ ላይ እያለ አትጩኹ። ልጁ ወደ እናንተ ከዞረ ሜዳውን አያይም። በእረፍት ጠይቁት፦ "ኳሱ ሳይደርስህ ምን አየህ?" "ተከላካዩ በግራዬ ነበር፣ ኮች፣ በቀኝ ልወጣ ፈልጌ ነው" ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ፓሱ ቢበላሽም ትክክል አስቧል። በዚያው ይቀጥል። መልስ ካጣ በሚቀጥለው ልምምድ ቀይና ቢጫውን ጨርቅ ይዛችሁ ከኋላው ቁሙ።