ከመዝገብ ቤት እስከ ማይክሮፎን

ውድ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ሥራችን እንድናገር ሲጋብዙኝ ርእሱን ለእኔ ተዉልኝ። እኔም ከራሳችን ሰፈር ራቅ ብዬ የአንድ ጀርመናዊን የሥራ መንገድ መረጥኩ። ሰውየው ክሪስቶፍ ሃፈርካምፕ ይባላል። በትምህርቱ የታሪክ ባለሙያ ነው። ከዚያ በኦስናብሩክ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ለዓመታት በጋዜጠኝነት ሠራ። በኋላ ደግሞ በብሬመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቃል አቀባይ ሆነ። ስለ ግል ሕይወቱ ለማውራት አልመጣሁም። የገረመኝ መንገዱ ነው።

ቃል አቀባይ የሚለው ቃል ለእኛ አዲስ ይመስላል እንጂ ሥራውስ የቆየ ነው። አፈ ንጉሥ ነበረን። በኋላ የዳኝነት ማዕረግ ሆነ፤ ስሙ ግን የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ጸሐፌ ትእዛዝም ነበረን። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል። ዛሬ እኛ ሁለቱንም ደርበን ይዘናል፤ የምናስበው ግን እንደ አፍ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ጋዜጣ ላይ ምን ይወጣል? ማታ በዜና ምን ይባላል? ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን ወረቀት ማን ይከፍተዋል ብሎ የሚጨነቅ የለም። መዝገብ ቤት ገብቶ የሰው ደብዳቤ ሲያነብ የኖረ ሰው ግን ይጨነቃል። የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው።

ሃፈርካምፕ ያጠናው ኤምስላንድ የሚባለውን አካባቢ ነው። ከሆላንድ ድንበር አጠገብ፣ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ይገኛል። የጥናቱ ርእስ መንግሥት ያንን ድሃ አገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንዴት እንዳለማ ነው። ደረቅ ርእስ ይመስላል፣ አይደል? ቆይ ግን እንየው።

ኤምስላንድ ረግረግ ነበር። ለሺህ ዓመታት የበሰበሰ ሣርና ሥር የተከመረበት ጥቁር፣ ውሃ የቋጠረ መሬት። እግር ይውጣል፤ እህል አያበቅልም። እንዲህ ያለውን መሬት ሊያቀኑ የገቡ የሰሜን ጀርመን ገበሬዎች አንድ አባባል አላቸው፦ «ለመጀመሪያው ሞት፣ ለሁለተኛው ችግር፣ ለሦስተኛው ዳቦ።» አያት ይሞትበታል፣ አባት ይቸገርበታል፣ ልጅ ይበላበታል ማለት ነው። አካባቢውን የጀርመን የድሆች ቤት ይሉት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በግንቦት 1950 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የምዕራብ ጀርመን ፓርላማ የኤምስላንድን ፕላን አጸደቀ። በዓመቱ ሥራውን የሚመራ ኩባንያ ተቋቋመ፤ እስከ 1989 ድረስም ሠራ። የእርሻው ሥራ ለጉድ ነው። የእንፋሎት ሞተሮች ከማሳው ግራና ቀኝ ይቆማሉ። በመካከላቸው ወፍራም የብረት ገመድ ተዘርግቷል። ገመዱ ቤት የሚያህል ማረሻ ይጎትታል። ማረሻው ከሁለት ሜትር በላይ ጠልቆ ይገባና ከሥር ያለውን አሸዋ ከላይኛው ጥቁር አፈር ጋር ይገለብጠዋል። ሲቀላቀሉ መሬቱ እህል ያበቅላል። መንገድ ተሠራ፣ ቦይ ተቆፈረ፣ ቤት ተሠራ። ሦስተኛው ትውልድ እውነትም ዳቦ በላ።

ግን ከዚያ በፊትስ? እዚህ ላይ ነው የታሪክ ባለሙያ ከሪፖርት ጸሐፊ የሚለየው። የልማቱን ሪፖርት ብቻ ያነበበ ሰው ታሪኩ ከማረሻው ይጀምርለታል። ወደ ኋላ ያገላበጠ ሰው አካፋ ያገኛል። ናዚዎች ከ1933 ጀምሮ ያንን ረግረግ በእስረኞች እጅ አስቆፍረዋል። በኤምስላንድና በአካባቢው እስከ 1945 ድረስ 15 ካምፖች ነበሩ። ካርል ፎን ኦሲየትስኪ የተባለው ጋዜጠኛ ኤስተርቬገን በሚባለው ካምፕ ታስሮ ማቅቋል። የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው በበሽታ ደቅቆ ነበር። ያው ጋዜጠኛ ነው፤ የእኛው ሰው ነው።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ልምጣ። ኤምስላንድ አጥባቂ የካቶሊክ አገር ነው፤ በኦስናብሩክ ሀገረ ስብከት ሥር ነው። የጊዜው ጳጳስ ቪልሄልም በርኒንግ የዚያው አገር ልጅ ናቸው፤ ሊንገን በምትባል ከተማ ነው የተወለዱት። ከ1914 እስከ 1955 ድረስ በጳጳስነት አገልግለዋል። በ1933 የፕሩሲያ የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት አባል ተደርገው ተሾሙ። በ1936 ደግሞ ካምፖቹን ጎበኙ። የጊዜው ጋዜጦች ጳጳሱ በካምፖቹ የሚሠራውን ሥራ አመሰገኑ ብለው ጻፉ። ጋዜጦቹ በናዚ እጅ ነበሩ። በሌላ በኩል ጳጳሱ ለመንግሥት የጻፏቸው የአቤቱታ ደብዳቤዎችም አሉ። እንግዲህ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በትክክል ምን አሉ? ለማን አሉ? ያላሉት ነገር ተጽፎባቸው ከሆነስ ለምን አላስተባበሉም?

ጓደኞቼ፣ ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጉብኝት ነበር። እኛ በየሳምንቱ እንደምንዘግበው ዓይነት ጉብኝት። እንግዳው መጡ፣ ተመለከቱ፣ አመሰገኑ። እንዲህ ያለ ዜና ስንት ጊዜ ጽፈናል? ያቺ የጉብኝት ዜና ግን ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ አሁንም እንደ ማስረጃ ትመረመራለች።

ይህን አገር አብጠርጥሮ ያጠና ሰው ነው እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ቃል አቀባይ የሆነው። ያውም በብሬመን። ብሬመን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከእነ ማርቲን ሉተር የተሐድሶ ዘመን አንሥቶ የፕሮቴስታንት ከተማ ናት፤ ካቶሊኮች ጥቂት ናቸው። ከተማዋ ራሷ በሁለት ሀገረ ስብከት ተከፍላለች፤ አብዛኛው ክፍል የኦስናብሩክ፣ ሰሜኑ የሂልደስሃይም ነው። ዋናው ቤተ ክርስቲያናቸው ቅዱስ ዮሐንስ፣ ሽኖር በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፉ መንገዶች መሃል ይገኛል። ፍራንሲስካውያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት በመካከለኛው ዘመን በጡብ ያነጹት ነው። ከተሐድሶው በኋላ ከካቶሊኮች እጅ ወጥቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው የተመለሰላቸው። እንዲህ ባለ ከተማ ለጥቂቶች የሚናገር ሰው በብዛት መመካት አይችልም። ማስረዳት አለበት።

ዘመኑም ከባድ ነው። በጥር 2010 በርሊን ውስጥ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር የሚያስተዳድሩት የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት አባ ክላውስ ሜርቴስ፣ በትምህርት ቤቱ በልጆች ላይ ስለተፈጸመው የወሲብ ጥቃት ለቀድሞ ተማሪዎች ጻፉ። ግድቡ ተደረመሰ። በ2018 ጳጳሳቱ ራሳቸው ያስጠኑት ጥናት ወጣ። ከ38 ሺህ በላይ የግል ማኅደሮች ታይተዋል። 3,677 ልጆች ተጎጂ መሆናቸው፣ 1,670 ካህናትና ገዳማውያን መጠርጠራቸው ተገለጸ። በአንዳንድ ቦታ ማኅደሮች መጥፋታቸው ወይም መነካካታቸውም ተጻፈ። ልብ በሉ፤ የወጣው ከመዝገብ ቤት ነው። አንድ ጸሐፊ በሆነ ቀን «ካህኑ ወደ ሌላ ደብር ተዛውረዋል» ብሎ የጻፋት አንድ መስመር ናት፣ ከዓመታት በኋላ ተነብባ የመሰከረችው።

የኦስናብሩክ ሀገረ ስብከትም የራሱን መዛግብት ለኦስናብሩክ ዩኒቨርሲቲ ከፈተ። በ2022 የመጀመሪያው ሪፖርት ወጣ። በመጋቢት 2023 ጳጳሱ ፍራንስ ዮሴፍ ቦደ ከሥልጣን ወረዱ። በዚያው በ2022 በመላው ጀርመን 522,821 ሰዎች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ለቀው ወጥተዋል። ቁጥሩን ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ናት በየዓመቱ የምታወጣው። እስቲ ራሳችሁን በዚያ ወንበር አስቀምጡ። ስልኩ ይጮኻል። ጋዜጠኛው ቁጥሩን ይዟል። «አስተያየት የለንም» ትላላችሁ? «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» ትላላችሁ?

በእኔ እምነት የታሪክ ትምህርት ለዚያ ወንበር የሚሰጠው ትልቁ ነገር ዕውቀት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ጤናማ ፍርሃት። የሌላውን ሰው የድሮ ደብዳቤ እያነበበ «ይህ ሰውዬ ለምን እንዲህ ብሎ ጻፈ?» ሲል የኖረ ሰው፣ የራሱን ሲጽፍ እጁ ይከብደዋል። መክበዱም ጥሩ ነው።

እኔ ይህንን የተማርኩት ከጀርመን አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የመጋዘን ጣሪያ ተደርምሶ ሁለት የቀን ሠራተኞች ተጎዱ። መግለጫውን ጻፍ ተባልኩ። ሆስፒታል አልሄድኩም። ማንንም አልጠየቅኩም። አለቃዬ በስልክ የነገሩኝን ይዤ «በሁለት ሠራተኞች ላይ መጠነኛ ጉዳት ደርሷል» ብዬ ጻፍኩ። መጠነኛ! ቆንጆ ቃል ነበረች። ማታ በዜና ተነበበች፣ ሁላችንም እፎይ አልን።

ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ሰው በክራንች እየተደገፈ ቢሮዬ ገባ። ካሳ ሲጠይቅ ከርሟል። ማኅደሩ ሲከፈት ከላይ የተያያዘችው የእኔ ወረቀት ናት፤ ከሥሯ ፊርማዬ አለ። «ጉዳቱ መጠነኛ እንደነበር መሥሪያ ቤቱ በወቅቱ ገልጿል» ተብሎ ተመልሷል። ሰውየው አልተቆጣኝም። ወረቀቱን ዘረጋልኝና በጣቱ ቃሏን አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይቺን የጻፍካት አንተ ነህ?» አለኝ።

በዚያው ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ሳላጣራ እንደጻፍኩ፣ የሰውየው እግር ከጉልበቱ በታች እንደተቆረጠ፣ ስሜንና ቀኑን ጨምሬ። መዝገብ ቤት ይዤ ወረድኩ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ቁጥር ሰጠችው፣ ማኅተም መታችበት፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በላይ በስቴፕለር አያያዘችው። እዚያው አለ።

አመሰግናለሁ።