ከመርጨት በፊት ቅጠሉን እንይ
(በአሶሳ ከተማ፣ በሰፈር የችግኝ ርክክብ ዕለት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንኳን ለዘንድሮው የችግኝ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የተጠራሁት ስለ ጉድጓድና ስለ ፍግ እንድናገር ነው። እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። የእኔ ጭንቀት ማንጎአችን ነው። አሶሳ ሲነሳ ማንጎ አብሮ ይነሳ ነበር። ለቃሚ አጥቶ ግቢው ላይ ሲረግፍ ያላየ እዚህ መካከል የለም። አሁን ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ፍሬው ቀያይ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ነጋዴው አገላብጦ አይቶት ጥሎት ይሄዳል።

ተባዩ የማንጎ ነጭ ስኬል ይባላል፤ በሰም ክዳን ተሸፍና ቅጠልና ፍሬ ላይ ተለጥፋ ጭማቂውን የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት ናት። በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010፣ ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ ነው። ሴቷ ክንፍ የላትም። ገና የተፈለፈለችውን ጫጩቷን ነፋስ ከዛፍ ዛፍ ያደርሳታል፤ ሩቅ አገር የሚያደርሳት ግን ችግኝ የሚጭን ሰው ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ባለቤታቸው የተከሉት ትልቅ ማንጎ አላቸው። የልጆቹ ደብተር ሲገዛ የኖረው በዚያ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጥብ ሲበዛባቸው አንድ ሻጭ ዘንድ ሄዱ። ሰውየው «እስቲ ቅጠሉን ያምጡት» እንኳ አላላቸውም። «ሻጋታ ነው» ብሎ ከጄሪካን ወደ ሃይላንድ ገልብጦ ሰጣቸው። ስሙ አልተጻፈበት፣ መጠኑ አልተጻፈበት፣ ከተረጨ በኋላ ፍሬው ስንት ቀን ሳይበላ እንደሚቆይ አልተጻፈበት። አንድ ጎረምሳ ያለ ጓንት፣ ያለ አፍ መሸፈኛ፣ የጀርባ መርጫ ተሸክሞ ወደ ላይ ረጨ። ጫፉ ጋ የት ይደርሳል! ተመልሶ በራሱ ፊት፣ በተሰጣው ልብስ፣ በዶሮዎቹ ላይ ዘነበ። ልጁ ሲያስመልሰው አደረ። በማግስቱ ስደርስ ከዛፉ ሥር ረግፈው ያገኘኋቸው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ክብ ጥንዚዛዎች ናቸው። ስኬሉን የሚበሉልን እነሱ ነበሩ። ቅጠል ቀጥፌ ክቡን ነጭ ክዳን በጥፍሬ ገለጥኩት። ቀላ ያለችው ተባይ ከሥሩ በሕይወት ተቀምጣለች፤ ሰሟ ከልሏታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው! ስም የሌለው መርዝ በሃይላንድ የሚሸጠው እስከ መቼ ነው? በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ቢኖር ዝም እንለዋለን? ቅጠል ሳያይ መርዝ የሚሸጥም ይጠየቅ፤ እኛም አንግዛ! ሳይመረመር ተጭኖ የሚመጣ ችግኝስ? ተባዩን በነፃ እያደሉን እናጨብጭብ?

መለየቱ ከባድ አይደለም። የዱቄት መልክ ያለው ሻጋታ በጣት ሲታሽ ይጠረጋል። ስኬል ግን ተለጥፏል፣ ተፍቆ ነው የሚነሳው። ክብ የሆነችው ሴቷ ናት፤ ወንዶቹ ረዘም ብለው አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ከለቀማ በኋላ ቅርንጫፉን አሳሱ፣ መሃሉ ብርሃን ይግባው፣ ቁመቱን ከዓመት ዓመት ዝቅ አድርጉት። ክፉኛ የተያዘውን ቆርጣችሁ አቃጥሉ። ለአጭር ዛፍና ለችግኝ፣ ለተክል የተዘጋጀ ነጭ ዘይት በመለያው መጠን በጥብጣችሁ የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ አርሱ። ክዳን ያላበጁትን ጫጩቶች ይገላል። በቀትር ግን አይሆንም፣ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ፍሬው ውስጥ ትል ካገኛችሁ ያ የፍራፍሬ ዝንብ ነው፣ ሌላ ነገር ነው። የወደቀ ፍሬ ከዛፉ ሥር አይደር፤ ትሉ አፈር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። በላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ወይም አጥልቃችሁ ቅበሩት።

አሁን ችግኙ ከመኪናው ይውረድ። ከመረከባችን በፊት ቅጠሉን ከላይም ከታችም እናያለን። ነጭ ያለበት አንድም ችግኝ ወደ ማንም ግቢ አይገባም። ለምን መለሳችሁ የሚል ካለ፣ ወረቀቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።