ግማሽ ጀሪካን

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ድምፄን የምቀዳላችሁ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ሆኜ ነው። አዎ፣ ስለ እሱ የምትጽፉልኝ ካፖርት አሁንም እዚሁ አለ፤ ስለ ካፖርቱ መጻፍ ተዉ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ወሬ ነበር፤ ማስታወሻው ፊቴ ተቀምጧል። ነገር ግን ከእሑድ ጀምሮ ያቺ ስምንት ከራሴ አልወጣ ብላለች።

እሑድ እንደ ልማዳችን እኛ ቤት አፖካሊፕስ ወርልድን ተጫወትን፤ እያንዳንዱ ሰው ገጸ ባሕርይ ይዞ ታሪኩን በወሬ የሚሠራበት፣ ዳይስ የሚጣልበት ጨዋታ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መብራቱ እየመጣ እየሄደ። ጠበቃው ነበር፤ ስኳር ስጠኝ ብትሉት እንኳን «በጽሑፍ ይቅረብልኝ» የሚለው። እህቴም ነበረች። በጨዋታችን ዓለም ካለቀች ሃምሳ ዓመት ሆኗታል፤ የአዳማ ፍጥነት መንገድ መክፈያ ኬላዎች የሽፍቶች ምሽግ ናቸው፤ ከብሎኮቹ ግማሾቹ ፈርሰዋል፤ ውኃ ያለበት ሮቶ አንድ ብቻ ነው። ስለ ውኃው ለመፈልሰፍ ማናችንም ብዙ አልደከምንም።

እህቴ ሮቶው ጋ ደረሰች። ጠባቂው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ሁለት ጓደኞቹ ጥላ ሥር ናቸው። ሽጉጧን አወጣችና «ጀሪካኑን ሙላልኝ፤ አለበለዚያ እተኩሳለሁ» አለች። እኔ አጫዋቹ ነኝ፤ ታሪኩን የምመራውና የትኛው ሕግ እንደሚሠራ የምፈርደው። ቃሏ ከአፏ ሳይወጣ «በጉልበት መንጠቅ ነው፤ ጣዪ!» አልኋት።

ጣለች። የሉዶ ዳይሶች ናቸው፤ ይህ ጨዋታ ከሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ በላይ አይጠይቅም። አንዱ አምስት፣ አንዱ ሁለት፣ በዚያ ላይ የሚደመረው የገጸ ባሕርይዋ የጭካኔ ቁጥር አንድ። ስምንት።

በጉልበት መንጠቅ በሕጉ ካሉት እርምጃዎች አንዱ ነው፤ ሁለቱም ወገን ይጎዳዳሉ ማለት ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ከአራት ነገሮች ሦስቱን ትመርጣላችሁ፤ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ሁለቱን፤ ከዚያ በታች አንድ። ንብረቱን በእርግጠኝነት መያዝ፣ ጠላትን ማስደንገጥ፣ የሚደርስባችሁን ጉዳት መቀነስ፣ የምታደርሱትን ጉዳት መጨመር። እህቴ ውኃውንና ማስደንገጡን መረጠች። ጉዳቴ ይቀነስልኝ አላለችም። ለምን አላለችም? እሱንም እያሰብሁበት ነው። የጠባቂው ጠመንጃ ጉዳቱ 3፣ የቆዳ ጃኬቷ 1 ይመልሳል፣ ቀሪው 2። ቁስሉ የሚቆጠረው በተሣለ ሰዓት ላይ ነው፤ መጀመሪያ 3፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 9፣ ቀጥሎ አንድ በአንድ እስከ 12። እሷ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ዘጠኝ ላይ ነበረች። አሥራ አንድ ገባች።

ጠበቃው «አሥራ አንድ ሰዓት ከሆነማ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «እኔ እኮ ውጊያ አልገባሁም። አስፈራራሁት እንጂ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አፖካሊፕስ ወርልድ፣ የቪንሰንትና የሜጌይ ቤከር፣ በፈረንጅ 2016 የወጣው ሁለተኛው እትም። ማስፈራራት ራሱን የቻለ እርምጃ ነው። የሚጣለውም በዚያው በጭካኔ ነው! ያቺው አምስት፣ ያቺው ሁለት፣ ያቺው ስምንት። በማስፈራራት ሕግ ስምንት ቢመጣ ጠባቂው ከመንገዷ ዞር ማለት ይችል ነበር፤ እጁን እያሳየ ቀስ ብሎ ማፈግፈግም፣ ገብቶ በሩን መዝጋትም፣ ትፈልገዋለች ብሎ የገመተውን መስጠትም ይችል ነበር። ግማሽ ጀሪካን ይሰጣት ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የምሞላው እሱን ግማሽ ጀሪካን ነው።

ጠበቃው ስልክ ላይ ይሟገትልኛል፦ ጠባቂዎቹ ሦስት ናቸው፣ ታጥቀዋል፣ ሽጉጥ ከወጣ በኋላ ነገሩ ያው ውጊያ ነው ይላል። ትንሽ አጽናንቶኛል፤ ትንሽ ብቻ፤ የታጠቀ ሰውም እኮ ይፈራል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ማስፈራራት የሚባለው ከልብ ለመተኮስ ሲታሰብ ነው። የማትተኩስ ከሆነ ማባበል ነው፤ ያ በሌላ ቁጥር ይጣላል። ስለዚህ በመጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር፦ እምቢ ቢልሽ ትተኩሻለሽ? አልጠየቅኋትም።

ቆራሌው መጣ፤ ይሰማችኋል? በነገራችን ላይ ዓለም ስታልቅ የሚነግሠው ቆራሌው ነው ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። ባዶ ጠርሙስ፣ አሮጌ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ጫማ፤ ዋጋውን አሁኑኑ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ኬላው ላይ ሽፍታ ከማስቀምጥ እሱን ባነግሥ ይሻል ነበር። ጠመንጃም አያስፈልገውም፤ ድምፁ ብቻ... ምን እያልሁ ነበር?

እሺ። በር ላይ ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «አንተም እንደ ሰፈሩ ሰው ነህ» አለችኝ። የምን ሰፈር አላልኋትም፤ ገብቶኛል። በሚያዝያ የውኃ ሰልፍ ላይ ተራዋን የወሰደባትን ሰውዬ ጮክ ብላ ስትናገረው፣ ከሰልፉ ወጥቼ እጇን የጎተትሁት እኔ ነኝ። «አትጣዪ» ብያት። እሷ ግን አልተጣላችም ነበር። «ተራዬ ነው» ነው ያለችው። ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ «ተራዬ ነው»፣ ከዚያ ዝም። እኔ ግን... ምናልባት ነገሩን እያጋነንሁት ይሆናል። ዳይስ ነው። ጨዋታ ነው። ሰው ሁሉ ጨዋታ ላይ ይሳሳታል።

ትናንት ደወልሁላት። ስለ እማዬ የደም ግፊት መድኃኒት አወራን። የሚመጣው እሑድ ትመጣ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፍርዱን መሻር እችላለሁ፤ አጫዋቹ እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን የሣልሁበት ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ደግሞ ከዘጠኝ ያለፈ ቁስል ካልታከመ በራሱ እየከፋ ይሄዳል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው። ጠዋት ላጲስ ይዤ ፊቱ ቆሜ ነበር። ብሰርዘው ደግሞ የተለማመጥኋት ይመስላታል፤ እሷን ስለማውቃት... ማለቴ፣ የማውቃት ይመስለኛል...

ቆዩ። ቧንቧው እያጉረመረመ ነው። ውኃ መጣ መሰለኝ፤ ጀሪካኖቹ ደግሞ ሁሉም ባዶ