ጌጁ ወጥቶ ቱቦው ዝም ሲል

ምሳ ላይ ያላችሁ፣ ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ አጥፉትና ማታ ስሙት።

ዛሬም ያው የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚመጥጠው የፍሳሽ መኪናችን ነው። ያቺ ቅጽበት አልለቅ ብላኛለች። ማርሹ ፎሌ (ነፃ) ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ጎማው ሥር ታኮ ገብቶ፣ የሞተሩን ኃይል የሚያቀብለው ፒቲኦ ፓምፑን ያዞራል። ቱቦው እየተንዘፈዘፈ ይስባል፣ ይስባል... ከዚያ ቀጥ። የመሳቡን ኃይል በባር የሚለካው ጌጅ ግን ይወጣል፤ 0.5፣ 0.6፣ 0.7። ቢወርድ ኖሮ አየር ነበር፦ ወይ የቱቦው ጫፍ ከፍሳሹ ወጥቷል፣ ወይ የመጋጠሚያው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) አልቋል። ከወጣ ግን ተዘግቷል፤ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ወይ ታች የረጋው ዝቃጭ።

በነገራችን ላይ ጎንደር ላይ የ1 ባር መሳብ የሚያሳይ ጌጅ ካያችሁ፣ ጌጁን ቀይሩት። ከተማው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ራሱ 0.78 ባር ገደማ ነው፤ መሳብ ደግሞ ከዚያ አያልፍም። ባሕር ዳርቻ ላይ 10 ሜትር የሚሳብ ውኃ እዚህ በወረቀት 8 ነው፤ ለወፍራም ፍሳሽማ ከዚያም በብዙ ያንሳል። "ፓምፑ ደክሟል" እየተባለ ስንቱ ፓምፕ ያለ ጥፋቱ ተፈታ! ከፍታው ነው እኮ።

እና ቱቦው ሲዘጋ የቤቱ ባለቤት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ የመኪናውን ረዳት ያየዋል። "ልጄ፣ ትንሽ ወረድ ብለህ ብታማስለውስ?" በክፋት አይደለም። ደግሞ ይጨምርበታል፤ "ሽታው እንደሆነ ጠፍቷል።" ይቺን ቃል ነው የማልችላት። ክፉው እኮ መጥፋቱ ነው! ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጥቂት ሲሆን የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ከ500 ሲያልፍ በደቂቃዎች ይጥላል። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ላውጣው ብሎ ይወርዳል፣ እሱም ይቀራል። አፍንጫ ላይ ጨርቅ ማሰር ዋጋ የለውም። ማንም አይወርድም። በቃ።

ታዲያ ምን ይሁን? ቫልቩን ገልብጦ ከታንኩ ጥቂቱን ወደ ጉድጓዱ መልሶ መግፋት፣ ዝቃጩን መበጥበጥ፣ እንደገና መሳብ። ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ግን ሲበጠበጥ ያንኑ ጋዝ ነው የሚለቀው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይቁም። ሲጋራም የለም፣ የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ሚቴን አለ። የሰፈር ልጅ ግን መኪናውን ሊያይ ይሰበሰባል... እሱን ማን ይመልሰው?

ሌላው መላ ውኃ ነው፤ አንድ ሁለት በርሜል ደፍቶ ማለስለስ። አንዱ በርሜል ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 10 ይሆናል። ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት "10 ጄሪካን ሽንት ቤት ውስጥ ድፉ" ማለት... እኔ እንጃ። ትክክል ነው፣ ግን አፍ ይይዛል።

ደግሞ ክፍያው በቢያጆ፣ በምልልስ ቁጥር ነው። ስለዚህ ላይ ላዩ ቀጭኑ ይነሣል፣ ታች ያለው እየጠነከረ ይከርማል፣ ጉድጓዱ ከዓመት ዓመት ቶሎ ይሞላል። ባለቤቱ ገንቢውን ይረግማል። ወይ እኛን። ግማሽ ታንክ ይዞ ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ መውረድም አለ፤ ፍሬን ስትይዙ ፍሳሹ ወደፊት ይመጣና መኪናውን ይገፋዋል። ሞልቶ መሄድ ይሻላል፤ ሚዛኑ ከፈቀደ።

እምቢ ያለው ረዳት ግን "ሰነፍ" ይባላል። ለባለቤቱ ይህን ሁሉ ጋዝ ቆሞ ማስረዳት ይቻላል ወይስ ዝም ብሎ ክዳኑን... አላውቅም። የፓምፑን ዘይት ነገርም ልላችሁ ነበር፤ ነጥቶ ካያችሁት ውኃ ገብቶበታል፣ አታስነሡት። ለምን እንደሚገባ ግን፣ እሱ ራሱን የቻለ...