መብራቱ በርቷል፣ የፊት ጎማው ግን አይስብም

ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ የሚደወልልን ስልክ ሁሉ ይመሳሰላል። «ፎር ዊል አስገባሁ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አልል አለ።» የዚህን ሳምንት ጥያቄዎች በስልክ ስመልስ ሰዓት አጥሮኝ ነበር። እዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ለጀማሪ ያህል፦ ኤች 2 የኋላ ጎማ ብቻ ሲስብ ነው፣ ኤች 4 አራቱም ሲስቡ፣ ኤል 4 ደግሞ አራቱም በዝግታና በብዙ ጉልበት ሲስቡ። ትራንስፈር ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሣጥን ነው። ሀብ የፊት ጎማው መሃል ላይ ያለው መያዣ ነው፣ በእጅ ሎክ ሲደረግ ጎማውን ከአክሰሉ ጋር ያያይዛል፣ ፍሪ ሲደረግ ይለቀዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምደውለው ከቱሉ ቦሎ ነው። መኪናዬ የ1994 ሞዴል ሃይሉክስ ናት፣ ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ። ባለፈው ሳምንት እህል ጭኜ ስወጣ ዋልካው ውስጥ ተቀረቀርኩ። ሀቦቹን ሎክ አድርጌያለሁ፣ ኤች 4 አስገብቻለሁ፣ መብራቷም በርታለች። የሚሽከረከረው ግን የኋላው ጎማ ብቻ ነው። በመጨረሻ በበሬ ጎትተው አወጡኝ። አንድ መካኒክ «ትራንስፈሩ ሞቷል» ብሎኛል። ልቀይረው ወይ?

መልስ፦ አትቀይር! ቢያንስ ዛሬ አትቀይር። የእናንተን አካባቢ፣ የበቾን ጭቃ አውቀዋለሁ፣ ንዴትህም ይገባኛል። ግን በንዴት ትራንስፈር አይገዛም።

ያቺ መብራት ብዙ ሰው ታሳስታለች። የሚያበራት ትራንስፈሩ ላይ ያለች ትንሽ ስዊች ናት። የምትነግርህም ማርሹ መግባቱን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎማው ጋ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም። ጉልበቱ ከትራንስፈሩ ወጥቶ በፊቱ ሻፍት ወደ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል። ከዲፈረንሻሉ በግራና በቀኝ አክሰል አድርጎ ሀቡ ጋ ይደርሳል። ጎማውን የሚይዘው ሀቡ ነው። የኛ ሥራ ጉልበቱ የቱ ጋ እንደቆመ ማግኘት ነው።

ትራንስፈሩን ለመመርመር አንድ ብሎን መፍታት የለብህም። ደልዳላ የአፈር ሜዳ ፈልግ። ሁለቱንም ሀብ ፍሪ አድርግ። ኤች 4 አስገብተህ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ትንሽ ንዳ። አንድ ሰው ከጎን፣ ራቅ ብሎ ጎንበስ ይበልና የፊቱን ሻፍት ይይልህ። ሀቦቹ ፍሪ ስለሆኑ ሻፍቱን ከጎማው በኩል የሚያዞረው የለም። እየዞረ ከሆነ የሚያዞረው ትራንስፈሩ ነው ማለት ነው። ደህና ነው። ሻፍቱ ካልዞረ መካኒክህ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ እንነጋገራለን።

በእኔ ግምት ግን ይዞራል። ችግሩ ሀቡ ላይ ነው። «ሁለቱም ሀብ በአንዴ ተበላሸ ወይ?» ትለኝ ይሆናል። መበላሸት ያለበት አንዱ ብቻ ነው። ዲፈረንሻል ሰነፍ ነው፣ ምንጊዜም ወደሚቀለው ጎን ያደላል። የቀኙ ሀብ አልይዝ ካለ የቀኙ አክሰል ባዶውን ይሽከረከራል፣ የግራው ጎማ ምንም አይደርሰውም። «አንዱ እንኳ ይስባል» የሚባለው ውሸት ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የኋላውን ጎማ በደንብ ታኮ አድርግ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ አንደኛ ላይ ይሁን፣ የትራንስፈሩን ዘንግ ግን ኤች 2 ላይ መልሰው። ከዚያ የፊቱን አንድ ጎማ በክሪክ አንሳ። ሀቡን ፍሪ አድርገህ ጎማውን በእጅህ አዙረው፣ ቀለል ብሎ ይዞራል። አሁን ሎክ አድርግና ጎማውን ትንሽ ወዲህ ወዲያ አወዛውዘው፣ ጥርሶቹ ሲገናኙ «ቀጭ» ይላል። ሀቡ ደህና ከሆነ ጎማው ከበድ ይላል፣ ውስጥ የሚዞረው ዕቃም ይሰማሃል። በፍሪም በሎክም አንድ ዓይነት ከሆነብህ፣ ሌባው ተያዘ። ከዚያ ክሪኩን ወደ ሌላው ጎን ውሰድ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሳለ ሞተር አታስነሳ፣ ሥሩም አትግባ።

ሀቡ አልይዝ ማለቱ ተሰበረ ማለት ላይሆን ይችላል። ክዳኑን የያዙትን 6 ትናንሽ ብሎኖች ፍታና እየው። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ግራሶ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ሰም ደርቋል። አንዱን በካቻቢቴ ፈቅፍቄ ነው ያወጣሁት። ያ ሁሉ ሲደርቅ ሞላው ጥርሱን መግፋት ያቅተዋል። ውጭ ያለው ቁልፍ ሎክ ላይ ነው፣ ውስጡ ግን ገና ፍሪ ነው። በናፍጣ እጠበው፣ አድርቀው፣ ስስ ግራሶ ቀባው። ስስ ነው ያልኩት! እፍኝ ሙሉ ግራሶ የሚጠቀጥቅ ሰው ሀቡን መልሶ ያንቀዋል። ክዳኑን ስትገጥም ቁልፉ ፍሪ ላይ ይሁን። ጓርኒሲዮኑ (የክዳኑ ማሸጊያ) ከተቀደደ ቀይረው፣ ዋልካው ተመልሶ የሚገባው በዚያ ነው።

ሀቡ እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ ኤል 4 አስገብተህ ከጭቃ ጋር እልህ አትጋባ። የፊቱ ካልያዘ ያ ሁሉ ጉልበት የሚሄደው ወደ ኋላው ብቻ ነው። የኋላ አክሰል የሚሰበረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው። ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው የምነዳው፣ የድሮው። ጣርማ በር ላይ ዝናብና ጭጋግ ስለነበር ኤች 4 አስገብቼ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ደብረ ሲና ስደርስ አስፋልቱ ደረቅ ነበር። ወደ ኤች 2 ልመልስ ብል ዘንጉ ንቅንቅ አልል አለ። በጉልበት ላውጣው?

መልስ፦ ኧረ በጉልበትስ አይሆንም አባቴ። አልተበላሸም፣ ተወጥሮ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በእርስዎ መኪና ኤች 4 ሲገባ ግን ፊትና ኋላ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ጭቃ ላይ ከሆነ ጎማው ትንሽ ይንሸራተትና ውጥረቱ ይለቃል። ደረቅ አስፋልት አያንሸራትትም፣ በየኩርባው ውጥረቱ ይጠራቀማል። እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ኩርባ አይጠፋም።

መሪውን ቀጥ አድርገው በዝግታ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይንዱ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ዘንጉን ይሞክሩ። ቢያስፈልግ ደግመው ወደፊትም ወደ ኋላም ይበሉ። አንድ ጎማዎን የመንገዱ ዳር ጠጠር ላይ ቢያወጡት ደግሞ ይፈጥናል።

ሁልጊዜ የሚቸግርዎ ከሆነ ጎማዎቹን ይመልከቱ። ብዙ ሰው ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቶ ፊት ያስራል፣ ኋላ ያለቀውን ይተዋል። ሁለቱም 7.50 በ16 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ግን ያለቀው ጎማ ዙሪያው ያንሳል። እንዲህ ከሆነ ቀጥ ባለ መንገድም ይወጠራል።

ውጥረቱ ግን አንድ ጥቅም አለው። አፈር ሜዳ ላይ ሀቡን ሎክ፣ ዘንጉን ኤች 4 አድርገው መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው በዝግታ ይንዱ። መሪው ከብዶ መኪናው እየተጎተተ የሚሄድ ከመሰለዎ የፊቱ ይዟል። ምንም ለውጥ ከሌለው አልያዘም። ከላይ ያለው የቱሉ ቦሎው ወዳጃችንም ይቺን ይሞክራት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነኝ። ሚትሱቢሺ ኤል 200 ነው ያለኝ፣ ሀብ የሚባል ነገር የለውም። ፎር ዊል ሳስገባ ዳሽቦርዱ ላይ የፊት ጎማዎቹ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይበራም።

መልስ፦ እህቴ፣ የእርስዎ መብራት ከሃይሉክሷ መብራት የተሻለ እውነት ይናገራል። ብልጭ ድርግም ማለቱ «የፊቱ ገና አልያዘም» ማለት ነው። የእርስዎ መኪና ጎማው ላይ የሚዞር ቁልፍ የለውም። የፊቱን አክሰል የሚያያይዘው ዲፈረንሻሉ አጠገብ ያለ ዕቃ ነው፣ የሚጎትተውም ቫኪዩም ነው። ቫኪዩሙ የሚመጣው በቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ነው። ሞተሩ ሥር ሙቀትና ጭቃ ሲፈራረቅባቸው ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ። ሲያጥፉት የሚሰነጠቅ ቱቦ ሥራውን ጨርሷል። ሞተሩ እየሠራ ፎር ዊል አስገብተው ዲፈረንሻሉ ጋ ከሚደርሱት ቱቦዎች አንዱን ነቅለው ጣትዎን ይደፍኑበት። ካልሳበ ሌላውን ይሞክሩ። አንዱም የማይስብ ከሆነ ወደ ኋላ እየተከተሉ ይሂዱ፤ ቱቦ፣ ቀጥሎ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱት ሁለት ትናንሽ ቫልቮች፣ ቀጥሎ ፓምፑ። ሞተሩ ናፍጣ ከሆነ ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። የፍሬን ፔዳልዎም በቅርቡ ከደነደነ፣ ሁለቱም የሚመገቡት ከዚያው ፓምፕ ነውና መጀመሪያ እሱን ያስፈትሹ። ፍሬኑ ደህና ከሆነ ግን ሰው ውድ ዕቃ ሊሸጥልዎ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሁለት ሜትር ቱቦ ገዝተው ያስቀይሩ።

ጥያቄ፦ ከዴንቨር ነው ጋሼ። የ1993 ሸቭሮሌ ፒክአፕ ገዛሁ። በረዶ ላይ ፎር ዊል ሳስገባ ወዲያው አይይዝም። አንዳንዴ ደቂቃ ይፈጃል፣ አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል። የሸጠልኝ ሰው «እንደዛ ነው ጠባዩ» ብሎኛል።

መልስ፦ ግማሹ እውነቱን ነው። በዚያ ዘመን ሸቭሮሌ የፊቱን አክሰል የሚያያይዘው በሙቀት በሚሠራ ዕቃ ነበር። ኤሌክትሪክ ያሞቀዋል፣ ውስጡ ያለው ነገር ሲሞቅ ይለጠጥና ምሰሶዋን ይገፋታል። እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ በዴንቨር ብርድ ደግሞ የባሰ ነው። ፎር ዊሉን ካወጣኸውም በኋላ እስኪቀዘቅዝ አይለቅም። ብቻ «ጭራሽ እምቢ» የሚለው ጠባይ አይደለም። ፊውዙን እይ፣ ከዚያ ሶኬቱን ነቅለህ ፎር ዊል ገብቶ ሳለ የባትሪ ቮልት ይደርሰው እንደሆነ በቴስተር ለካ። ከደረሰ ሽቦው ደህና ነው፣ ያረጀው ዕቃው ራሱ ነው። በእሱ ቦታ የሚገባ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ መቀየሪያ ይሸጣል፣ ሽቦና ሶኬቱም አብሮ ይመጣል። እኔ ብሆን አሮጌውን በሌላ አሮጌ አልተካውም ነበር። እስከዚያው በረዶው ውስጥ ከገባህ በኋላ ሳይሆን ከቤት ስትወጣ አስቀድመህ አስገባው።

ጥያቄ፦ ሀብ ክረምቱን ሙሉ ሎክ ላይ ቢሆን ይጎዳል ወይ? ጭቃ ውስጥ ወርዶ ማዞር ሰለቸኝ።

መልስ፦ ዘንጉ ኤች 2 ላይ እስካለ ድረስ አይጎዳም። የፊቱ ዲፈረንሻልና ሻፍት ሁልጊዜ ይዞራሉ፣ ነዳጁ ትንሽ ይጨምራል፣ ያረጀ ሻፍት ካለህ ድምፅ ትሰማለህ። ከዚያ አያልፍም። እንዲያውም ዓመቱን ሙሉ ፍሪ ላይ የሚያቆዩት ናቸው የሚከፋባቸው፤ በወር አንዴ ሎክ አድርጎ ጥቂት ኪሎ ሜትር መሄድ የፊቱን ዲፈረንሻል ዘይት ያዳርሳል። እኔ የራሴን ሰኔ ላይ ሎክ አደርጋትና መስከረም ላይ እፈታታለሁ። ባለፈው ዓመት ረስቻት እስከ ጥምቀት ሄዳለች፣ ምንም አልሆነችም።