«ምንም ችግር የለም» የምትለው መስመር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቼ፤

አዘጋጆቹ ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ አጠቃላይ ገለጻ እንዳደርግ ነበር የጠየቁኝ። አጠቃላዩን ታውቁታላችሁ፤ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የመሰለ ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ያሠቃያል። እኔ ግን የመጣሁት በአልትራሳውንድ ውጤታችን ግርጌ ስለምንጽፋት አንዲት መስመር ልሟገታችሁ ነው፦ «ምንም ችግር የለም»።

አንዲት መምህርት ወደ እኔ መጣች። ከፌስታል ውስጥ የአልትራሳውንድ ወረቀቶቿን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። የቆዩት ምስሎች ደብዝዘው ነጭ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ ጽሑፉ ግን ከሁሉም ላይ ይነበባል፦ ምንም ችግር የለም። በወር አበባዋ ሰሞን መጸዳጃ ቤት ስትገባ ከሕመሙ የተነሣ ግድግዳ ትይዛለች። እናቷ «ስትወልጂ ይተውሻል» ይሏታል። ባሏ ደግሞ ወረቀቱን እያነበበ «ሐኪሞቹ እኮ ጤነኛ ነሽ ብለዋል» ማለት ጀምሯል። ሰማችሁ? የእኛ ወረቀት ቤቷ ድረስ ገብቶ በሐሰት መሰከረባት!

በብልት በኩል በሚገባው መመርመሪያ አየኋት። ቀስ አድርጌ ስገፋ ማህፀኗና ከጀርባው ያለው አንጀት እርስ በርስ መንሸራተት ሲገባቸው አብረው ተጎተቱ። ተጣብቀዋል። ዝቅ ብሎ አንጀቱ ግድግዳ ላይ ጠቆር ያለ እብጠት አለ። ጫፉን ሳስጠጋው «እዚያ ጋ ነው!» አለች። ማሽኑ እናንተ የምትሠሩበት ዓይነት ነው። ልዩነቱ መግፋቱና መጠየቁ ብቻ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ደረጃውን አስቀምጦታል፤ ማህፀንንና ኦቫሪን (እንቁላል የሚያመነጨውን አካል) ማየት፣ የሚያማትን ቦታና የኦቫሪውን መንቀሳቀስ መፈተሽ፣ መንሸራተቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ከፊትም ከኋላም ሥር የሰደደውን እብጠት መፈለግ። የአውሮፓው የሥነ ተዋልዶ ማኅበርም በ2022 መመሪያው ላፓራስኮፒን፣ ማለትም ሆድን በትንሹ ቀዶ ካሜራ አስገብቶ ማየትን፣ በሽታውን ከማረጋገጥ ብቸኛ ዳኝነት አውርዶታል።

«ወረፋው ብዙ ነው» ትሉኛላችሁ። ኮሪደሩን እኔም አያለሁ። ግን ከዚያ ወረፋ ውስጥ ስንቷ ነች ትናንት እኛው በችኮላ የመለስናት?

አልትራሳውንድ ሁሉን ያያል አላልኩም። የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ስስ ሆኖ የተበተነውን አብዛኛውን ጊዜ አያሳየንም። ስለዚህ ባናይ እንኳ «በዚህ ምርመራ አልታየም» እንበል፤ «የለም» የማለት ሥልጣን የለንም። ያላገቡ ልጆችንም በሆድ በኩል ብቻ ካየናቸው ይኸው ተጽፎ ይውጣ።

ስለ ሕክምናው ከእኔ በኋላ የሚናገሩ አሉ፤ አልሻማባቸውም። የክፍል ኃላፊዎችን ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ በውጤት ቅጻችሁ ላይ «ይንሸራተታል፣ አይንሸራተትም፣ አልተፈተሸም» የሚል መስመር ጨምሩ። አልተፈተሸም የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ስሙንም ይጻፍበት።

አመሰግናለሁ።